ድምፅ አልባው የአደ ሩቂያ ዴክ

ሰሞኑን ልጄ «ይህን የዲስክ ማጫወቻ ካልቀየርን» ብሎ ይዞኛል። ከቴሌቪዥኑ ሥር ከነድምፅ ማጉያዎቹ የተደረደረው ዕቃ፣ እሱ እንደሚለው፣ ዘመኑ አልፎበታል። አዲሱ የተዋናዩን ግንባር ላብ ሳይቀር አጥርቶ ያሳያል አሉ። «ለድሬዳዋ ሰው ላብ ለማሳየት ማሽን መግዛት ምን ይባላል?» አልኩት። ሳቀ፤ ግን አልተወኝም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ምናልባት ቢጸዳ ይሻለው እንደሆነ ብሎ ጀርባውን በካቻቪቴ ፈታው። ክዳኑ ሲነሳ የሞቀ አቧራና የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ። ልጄ አፍንጫውን ያዘ። እኔ ግን ከወንበሬ ሳልነሳ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ፣ የመጋላ ሰፈርን ጠባብ መንገድ ይዤ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባውን የቆርቆሮ በር ገፍቼ አደ ሩቂያ ቤት ገብቼ ነበር።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነው። አባቴ የባቡር መካኒክ ስለነበር ቤታችን ከዚራ ነበር፣ ዛፎቹ ከመንገዱ በላይ እጅ ለእጅ ከተያያዙበት ሰፈር። እኔ ግን ከዚራ አላስቀምጥ ብሎኝ ቀፊራ ገበያ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተቀጥሬ ቴትሮንና ፖፕሊን እለካ ነበር። ሳምቡሳ በአሥር ሳንቲም የሚበላበት፣ የእግሩ ሰፊ ሱሪ ሞቱ ታውጆ ሁላችንም ያለንን ለማስጠበብ ልብስ ሰፊ ደጅ የተሰለፍንበት ጊዜ ነው። ገጣሚ ነበርኩ። ማንም አላስተማረኝም፤ ማንም እንድሆን አልጠየቀኝም። የቀበሌው ኪነት ቡድን ግጥሜን አይቶ ስለ ትራክተር አንድም ስንኝ የለውም ብሎ መለሰልኝ። አልከፋኝም። የሚከፋው ያልተሰጠው ሰው ነው፣ እኔ ተሰጥቶኛል፣ ሰሚ ብቻ ነው የጎደለኝ እል ነበር። አሁን ሳስበው በዚያ ዕድሜ እንደዚያ ያለ ልብ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ግን ደግ ልብ ነበር፤ ዛሬም ትንሽ ተርፎኛል።

ሰሚ ያገኘሁት በዴክ ምክንያት ነው። የቪዲዮ ማጫወቻውን ያኔ ዴክ ነበር የምንለው። አደ ሩቂያ፣ አደ ለሴት የክብር መጠሪያ ነው፣ ባሏ የሞተባት የመጋላ ነጋዴ ነበረች፤ ከእኛ ሱቅ ጨርቅ በጣቃ ትወስዳለች፣ ተሸክሜ የማደርስላት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቀን «አንቱ» ብላት «ስንት ዓመቴ መስሎህ ነው?» ብላ ቆጣ አለች፤ ድሬ ላይ አንቱታ አይበረክትም። ቤቷ ውስጥ ከጅቡቲ በባቡር የመጣ፣ ስትጫነው አናቱን ብድግ አድርጎ ካሴት የሚጎርስ፣ ትንሿን ካሴት የሚያጫውት ቤታ ዴክ ነበራት። ኮንትሮባንድ የሚይዙት ፊናንሶች ከባቡሩ ላይ እንዳያወርዱት እንደ ሕፃን በነጠላ ታዝሎ ነው የገባው ይባላል። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ያ ሙቀት ከተማውን ሁሉ ሲያስተኛ፣ የሰፈሩ ሴቶች ስስ የሽቲ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጫታቸውንና የሻይ ፔርሙዛቸውን ይዘው መደቡ ላይ ይሰባሰባሉ። መስኮቱ በብርድ ልብስ ይጋረዳል፤ የህንድ ፊልም ይታያል።

አንድ ማክሰኞ ጣቃ ተሸክሜ ስገባ ሁሉም አፍጥጠው ድምፅ የሌለው ምስል ያያሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የዴኩ ድምፅ አብሮ ሄዷል። ከዚራ ያለው ጠጋኝ ከፍቶ አይቶት፣ የዚህ መለዋወጫ ከእንግዲህ በባቡርም አይመጣም ብሎ መልሶ ዘግቶታል። አንዲት ሴት ስክሪኑ ላይ ታለቅሳለች፤ አንድ ሽማግሌ እጁን ያወናጭፋል። እኔ ጣቃውን እንደተሸከምኩ «ልጄን ከዚህ ቤት ካስወጣችኋት እኔንም አብራችሁ አውጡኝ እያለ ነው» አልኩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ህንድኛ ትችላለህ እንዴ?» አለች አደ ሩቂያ። «ፊት ማንበብ እችላለሁ» አልኳት። «በል ጣቃውን አውርደውና ቁጭ በል።»

እንደዚያ ተጀመረ። ሻኢር አሉኝ፤ በአረብኛ ገጣሚ ማለት ነው። አሠራራችን ደግሞ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የነበረ አይመስለኝም። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፤ አደ ሩቂያ ለገጠሮቹ ዘመዶቿ ወደ ኦሮምኛ ታዞረዋለች፤ ኢዶ ሀዎ ደግሞ ወደ ሶማልኛ። ኢዶ ለትልቅ ሴት የሚባል ነው፣ አክስት እንደማለት። ቃሉ መደቡን ዞሮ እስኪጨርስ ፊልሙ እንዳያመልጠን አደ ሩቂያ ጣቷን ፖዝ ላይ ታሳርፋለች፤ ምስሉ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ተዋናይዋ አፏን እንደከፈተች፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እንደተሰቀለ ትጠብቀናለች። በዚያች ፋታ እኔ የሚቀጥለውን ስንኝ እገጥማለሁ። ማንም ገጣሚ እንደዚያ ያለ ጊዜ ተሰጥቶት አያውቅም፤ ዛሬ ልጄ በሪሞት ፊልሙን ሲያስሮጠው ጣቱን ይዤ «ቆይ እንጂ፣ ሌላው ቋንቋ አልደረሰም» ልለው ይቃጣኛል።

ከፊልሞቹ ሁሉ የተወደደው የሁለቱ እህትማማቾች ነበር። ታናሽየዋ ቤቷን ጥላ ትጠፋለች፤ ስትመለስ እናታቸው ሞታለች፤ ታላቅየዋ በር ዘግታባታለች። ታናሽየዋ ደጅ ቆማ በሩን ታያለች። ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ስንደርስ ሦስቱም ቋንቋዎች ተንጫጩ፣ አደ ሩቂያ ፖዙን ረጅም ያዘች፣ ዴኩም ካሴቱን በላው። የተኮማተረው ክር ተቆርጦ በፕላስተር ተቀጠለ። ከዚያ በኋላ ከበሩ ቀጥሎ በረዶ የመሰለ ነጭ ነገር ይመጣና የህንድ ፊደል ሲወርድ ይታያል እንጂ፣ በሩ ይከፈት አይከፈት ያየ ሰው የለም። መጨረሻውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፦

በሩ እንጨት ነው እንጂ ልብሽ እንጨት አይደል፣
ክፈቺው እህቴ፣ ደም ከደም አይጋደል።

«ከፈተችላት?» አለች አደ ሩቂያ። «ከፈተችላት» አልኩ፣ ያለ አንዳች ጥርጥር።

ለምን ይህ ፊልም እንደተወደደ መናገር አለብኝ። ኢዶ ሀዎ ኢባዶ የምትባል ታናሽ እህት ነበረቻት። በዚያ ሰው ሁሉ ወደየትም በሚበተንበት ክፉ ጊዜ ኢባዶ ለማንም ሳትናገር ወደ ጅቡቲ ወጣች። የታመሙትን እናታቸውን ሀዎ ብቻዋን አስታመመች፣ ብቻዋን ቀበረች። ኢባዶ ስትመለስ ሀዎ በሯን አልከፈተችላትም። ኢባዶ እንደገና መጣች፤ በሩ እንደተዘጋ ነው። የሰፈር ሽማግሌ ተላከ፣ ሼኽ ተላከ፤ እንቢ። እኔ ያንን ስንኝ ካልኩ ብዙም ሳይቆይ ታዲያ ሀዎ በሯን ከፈተች። በሚቀጥለው ማክሰኞ እህቷን አስከትላ መጥታ መደቡ ላይ ጎኗ አስቀመጠቻት። መጋላ ጉድ አለ። «ሻኢሩ አስታረቃቸው!» ተባለ። ቀፊራ ሳልፍ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ የምትሸጠዋ ሴት በወረቀት ጠቅልላ በነፃ ትሰጠኝ ጀመር። እምቢ አላልኩም፤ የሠራሁት ሥራ ነው ብዬ በላሁ። ኢባዶ ግን፣ ዝምተኛ ስለነበረች፣ ስለ ስንኙ ምንም ብላኝ አታውቅም።

እንዲህ እያለን የአደ ሩቂያ ወንድም ሙክታር ከጅቡቲ አዲስ ዴክ ይዞ መጣ። ባቡር ላይ ነጋዴ ነበር፤ ሁልጊዜ የሚቸኩል፣ ነጭ ሸሚዙ ከሽርጡ ጋር የማይስማማ። ዴኩ ከፊቱ የሚጎርስ፣ ትልቁን ካሴት የሚወስድ፣ ድምፁ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ነበር። ካሴትም አብሮ አምጥቷል፤ ያንኑ የእህትማማቾቹን ፊልም፣ ሳይቆረጥ፣ ከሥሩ አረብኛ እየተጻፈበት።

«ይሄን ዲዳ ስጪኝና ይሄን ውሰጂ» አላት። «ባቡሩ እስኪመለስ ሞክሪው፤ ካልወደድሽው ይዤ እሄዳለሁ።»

«ዲዳ አትበለው! ሻኢሩ አለው፣ አፍ አለው።»

«ሩቂያ፣ አቦ ተይኝ! ሰው ድምፅ ያለው ዴክ ቤቱ ድረስ መጥቶለት፣ ፊልም በጨርቅ ሻጭ ያስተርካል?»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። አደ ሩቂያ ግን ወደ እኔ ዞረች፤ ስለ ዴክ ነገር እኔን ሳትጠይቅ አትወስንም ነበር። «ሻኢር፣ ምን ትላለህ?» አለች።

የማጣው ነገር ገብቶኛል። የአደ ሩቂያ ልጅ ፈትያ ከቁርአን ቤት አልፋ አረብኛ መጽሐፍ እንደ ውሃ የምታነብ ልጅ ናት፤ አረብኛው ከተጻፈ አንባቢዋ እሷ ናት። እኔ ጣቃዬን አድርሼ እመለሳለሁ ማለት ነው። በዚህ ከተማ ግጥሜን የሚሰማ ያለው ይህ መደብ ብቻ ነው። ከዚያም የባሰ ነገር አለ፤ በሩ ባይከፈትስ? እነዚህ ሁለት ሴቶች በእኔ ቃል ነው ጎን ለጎን የተቀመጡት፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያምነው፤ እኔም ጭምር። «ይሄኛው ይበቃናል» ብል አደ ሩቂያ ትሰማኛለች። ነገር ግን ያንን በር ስንት ማክሰኞ ሳየው ከርሜያለሁ። ከኋላው ምን እንዳለ ማወቅ እንደ ጥም ይዞኛል። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ልክ እንደሆንኩ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። «ሞክሩት» አልኩ።

የዚያን ማክሰኞ መደቡ ሞልቶ ሰው መሬት ተቀመጠ። ድምፁ ሲጀምር አንዷ ዘመዳቸው ደንግጣ ቢስሚላህ አለች። ዘፈኑ ሲመጣ፣ ያንን ሁሉ ጊዜ አፋቸውን ብቻ ሲያንቀሳቅሱ ያየናቸው ሰዎች እንደዚያ ያለ ድምፅ እንደነበራቸው ስሰማ፣ ቅናት ይሁን ደስታ ሳልለይ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አልኩ። ፈትያ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቁጭ ብላ አረብኛውን እያየች በአማርኛ ትናገራለች፤ ቀጥ ያለ፣ ቤት የማይመታ፣ ትክክለኛ ነገር። ጥፋቴ አንድ በአንድ ይወጣ ጀመር።

«ቆይ ቆይ» አለች አደ ሩቂያ። «ይሄ ባለ ጢሙ አጎትየው አይደለም?»

«እጮኛዋ ነው ይላል» አለች ፈትያ።

«አጎቷን ልታገባ?! አስተግፊሩላህ!»

«እማ፣ አጎቷ አልነበረማ! ሻኢሩ ነው አጎት ያደረገው።»

«ሻኢር! ሰውዬውን ይህን ሁሉ ጊዜ በአጎትነት ስትገድለው ከረምክ?»

«ጢሙ አሳስቶኝ ነው» አልኩ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁት ሁሉ በላይ የሳቀችው ኢዶ ሀዎ ነበረች፤ በሽቲዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ለኢባዶ በሶማልኛ ትደግምላታለች። እኔም ስቄ ስጨርስ ቀና ብዬ ሳይ፣ በፊልሙ ታናሽየዋ ደጅ ደርሳለች።

ዝናብ ይዘንባል፤ ዝናብ እንዳለ እንኳ አላወቅኩም ነበር፤ በእኛ ቤታ ላይ ያ ነጭ ነጠብጣብ የካሴቱ ማርጀት መስሎኝ ነበር። ሴትየዋ በሩን አንኳኳች። ከውስጥ የታላቅየዋ ድምፅ ተሰማ። አረብኛው ከሥር መጣ። ፈትያ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ዘጋችው። የአደ ሩቂያ ጣት ሳታዘው ሄዶ ፖዙን ተጫነ። አዲሱ ዴክ ምስሉን ሳያንቀጠቅጥ ቀጥ አድርጎ አቆመው፤ ሴትየዋ ከነዝናቧ ደረቀች። ማንም ወደ ሁለቱ እህትማማቾች አላየም። ላለማየት ሁሉም አንገቱን አደንድኖ ነው የተቀመጠው።

«ምን አለች?» አለች ኢዶ ሀዎ።

«ኢዶ…» አለች ፈትያ።

«አንብቢው እንጂ፣ አረብኛ ያስተማሩሽ ልትደብቂን ነው?»

ፈትያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበች። «‹እህቴ ሞታለች። ቤት ተሳስተሽ ነው፣ ሂጂ› ትላለች።»

አደ ሩቂያ ጣቷን አነሳች። በሩ አልተከፈተም። ሴትየዋ በዝናቡ ውስጥ ሄደች፤ ዘፈን መጣ፤ ፊደሉ ወረደ። አደ ሩቂያ ዴኩን ጥርቅም አድርጋ አጠፋችና «ይመለስ!» አለች። «ወላሂ ነገ ጠዋት ሙክታር ይዞት ይሂድ። ክፉ ነገር ይዞ ነው ቤቴ የገባው። የኛው ይሻለናል።» ሁለት ሦስት ሴቶች «አዎ፣ ይመለስ» አሉ። አንዷ «ይሄ ካሴቱ የውሸት ነው፣ ዋናው ሻኢሩ ያለው ነው» አለች። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የምገጥመው አጣሁ።

ኢዶ ሀዎ ሻይዋን ፉት አለች። ቀስ ብላ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ዘጋች። ታዲያ ምን ይጠበስ? መብቷ ነው፣ እኔም ዘግቻለሁ» አለች። «እና እናንተ ይሄ ልጅ ስለገጠመልኝ የከፈትኩ መስሏችኋል?»

«ታዲያ በምን ከፈትሽ?» አለች አደ ሩቂያ።

«ሰበብ አግኝቼ! ይቺ ልጅ ውጪ ቆማ እኔ ደግሞ ከበሩ ኋላ ስቆም፣ ትንፋሿን እየሰማሁ፣ ልቤ ዝሎ ነበር። ዝም ብዬ ብከፍት መጋላ በሙሉ ‹ሀዎ ተሸነፈች› ሊለኝ ነው። ሽማግሌ ሰምቼ ብከፍት ‹ሽማግሌ አሸነፋት›። ፊልሙ መጣልኝ። ፊልም አይታ አለቀሰች ቢሉኝ ማን ያፍርብኛል? ሁላችሁ ታለቅሱ የለ?» ወደ እኔ ዞረች። «ግጥሙ ጥሩ ነው፣ ሻኢር። አትከፋ። ግን እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር።»

አልከፋኝም ብል አታምኑኝም፤ ግን እውነት ነው። እርግጥ ፊቴ ጋለ፤ በነፃ የበላሁት ሙሸበክ ሁሉ ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲያው ሌላ ነገር መጣ፤ ከአንድ ሰው እጅ ሥር መቀርቀሪያ መኖሩን ያላወቀ ገጣሚ ገና ምንም አልጻፈም ማለት ነው፤ እንግዲያ ገና ብዙ የሚጻፍ አለኝ አልኩ። ዛሬም ቢሆን ከዚያ ቀን የበለጠ ትምህርት አልተማርኩም፤ ዋጋውም አንድ መደብ ሙሉ ሴት የሳቀብኝ ብቻ ነው።

«ታዲያ ዴኩስ?» አለች አደ ሩቂያ።

«ድምፅ ያለው እዚሁ ይቅር» አለች ኢዶ ሀዎ። «እኔ ከእንግዲህ ሰበብ አያስፈልገኝም።»

«ሻኢሩስ ምን ሊሆን ነው?»

ሁሉም አዩኝ። «እዚሁ ይቅር» አልኩ። «እኔ የራሴን እጽፋለሁ። እሱን ፖዝ የሚያደርግብኝ የለም።»

ሙክታር ቤታውን በነጠላ አዝሎ ወሰደው፤ ወደ የት እንደሄደ አላውቅም። ደቻቱን በእግሬ ስሻገር፣ ያኔ ወንዙ ደርቆ አሸዋው ላይ ግመል ይተኛበት ነበር፣ ያችን በዝናብ የሄደችዋን ሴት አስብ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ጨርቅ እየለካሁ ስለ እሷ ጻፍኩ። ደጅ ስለቆመችው። ማክሰኞ ዴኩ ከመከፈቱ በፊት አደ ሩቂያን ጊዜ ለመንኳትና ቆሜ አነበብኩት፤ ማንም ያልተናገረለት፣ ምስል የሌለው፣ የራሴ ግጥም። አንዱ ስንኝ «ከደጅሽ ቆሜያለሁ፣ ናፍቆት እያቃጠለኝ» ይል ነበር። ስጨርስ አደ ሩቂያ «ማሻ አላህ» አለች፤ ፈትያ እንኳ ጥሩ ነው አለች።

«አይደለም» አለ አንድ ድምፅ።

ኢባዶ ናት። እዚያ ቤት ስትናገር ሰምቼያት ስለማላውቅ መጀመሪያ ማን እንደሆነች አልለየሁም።

«ናፍቆት አይደለም ያቃጠለኝ» አለች። «አሸዋው ነው። ጫማዬ ስስ ነበር፤ አንዱን እግሬን ሳነሳ ሌላው ይቃጠላል።»

«ታዲያ ምን ታስቢ ነበር?» አልኳት።

«የግድግዳውን ጥላ። በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ጥላው ቀስ እያለ ወደ እኔ ይመጣል። እግሬ ሥር እስኪደርስ እቆማለሁ፤ ከደረሰና ካልከፈተች ግን እሄዳለሁ፣ ሁለተኛም አልመጣም ብዬ ነበር።»

ኢዶ ሀዎ ሻይዋን እንደያዘች ወደ እህቷ ዞረች። ይህን እሷም አታውቅም ነበር።

«እና ደረሰ?» አልኩ።

ኢባዶ እግሮቿን ሽቲዋ ሥር ሰበሰበች።

«ሀዎ ቀደመችው» አለች።